የዋግን ዘር ቆጥሮ ማወቅ

ከኅዳር እስከ ጥር 2006 ዓ.ም በደቡባዊው የአገራችን ክፍል የተከሰተው የግንድ ዋግ ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የዘሩ አርሶ አደሮችን ለከፍተኛ ጉዳት ዳርጓል። ምርታቸው ከሞላ ጎደል የጠፋባቸው ማሳዎችም ነበሩ። ዲጋሉ ከ2003ቱ የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በኋላ ተስፋ ተጥሎበት በስፋት የተዘራ ነው። ዩጂ 99 የተባለውን አደገኛ የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር።

ታዲያ ምን ጣለው? ከአካባቢው የተሰበሰቡ 64 ናሙናዎች ሲመረመሩ ጥፋተኛው ከዩጂ 99 ወገን ያልሆነ፣ ቲኬቲቲኤፍ የሚባል ሌላ ዋግ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ዝምድና ለመለየት ተመራማሪዎች የዘረመል መረጃን አነጻጽረው የዘር ሐረግ ዛፍ ይሠራሉ። ቀደም ሲል ናሙና ወደ ውጭ ተልኮ ውጤቱ ወራት ይወስድ ነበር። የእንግሊዙ ጆን ኢነስ ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከልና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በጋራ ያዘጋጁት ማርፕል የተሰኘ ዘዴ ግን የቢጫ ዋግን 242 ዘረመሎች አንብቦ በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል። መሣሪያው በሻንጣ የሚያዝ ነው። በፈረንጆቹ 2018 በአገራችን ተሞክሯል፤ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ሠልጥነውበታል።

መሣሪያው ቢገኝም ዛፉን ማንበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ይጠይቃል። ጀማሪ ሠልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን የተጻፉትን ሁሉ የቅርብ ዘመድ አድርጎ በመውሰድ ነው። ሠርግ ቤት ጎን ለጎን የተቀመጡ እንግዶች ወንድማማች ላይሆኑ ይችላሉ። ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው ሁሉ፣ እዚህም ከሁለቱ ቅርንጫፎች ወደ ኋላ ተጉዞ የጋራ አያታቸው የት እንደሚገኝ ማየት ያስፈልጋል። የቅርንጫፉ ጥንካሬም ይፈተሻል፦ መረጃው እንደገና በዕጣ እየተመረጠ ዛፉ ደጋግሞ ይሠራል። ከ100 ሙከራ በ50ው ብቻ የሚታይ ቅርንጫፍ ላይ ተመሥርቶ አርሶ አደሩን "ይህን ዝርያ ተው" ማለት አይቻልም።

ደግሞም ዛፉ የሚናገረው ዝምድናን ነው፤ የትኛው ስንዴ እንደሚጠቃ ለማወቅ አሁንም ዋጉን በስንዴ ችግኝ ላይ መሞከር ግድ ይላል። ቲኬቲቲኤፍ የሚለው ባለ አምስት ፊደል መጠሪያም የመጣው በ20 የስንዴ መለያ ዝርያዎች ላይ ከሚደረገው ከዚሁ ሙከራ ነው።