የካዛኪስታን ነዳጅ በማን ደጅ ያልፋል?
ስለ ኃያላን ፉክክር ሲነሳ ዓይናችን ቶሎ ጦር ላይ ያርፋል። በካስፒያን ባሕር ዙሪያ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የነዳጅ ቧንቧው ነው።

ካዛኪስታን ወደ ውጭ ከምትልከው ድፍድፍ ነዳጅ 80 በመቶ ያህሉ የሩሲያን ምድር አቋርጦ ጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ ኖቮሮሲስክ አጠገብ መርከብ ላይ ይጫናል። የአሜሪካ ኩባንያዎቹ ሼቭሮንና ኤክሶን ሞቢል ነዳጁ በሚያልፍበት የቧንቧ መስመር ድርሻ አላቸው፤ መሬቱ ግን የሞስኮ ነው።

የዚህ ትርጉም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ታየ። የካዛኪስታኑ ፕሬዚዳንት ቶካዬቭ አውሮፓን በነዳጅ አቅርቦት ለመርዳት ዝግጁ መሆናቸውን በወቅቱ የአውሮፓ ኅብረት መሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ለነበሩት ሻርል ሚሼል በስልክ ነገሯቸው። በማግስቱ አንድ የሩሲያ ፍርድ ቤት መስመሩ ለ30 ቀናት እንዲዘጋ አዘዘ። የተሰጠው ምክንያት የነዳጅ መፍሰስ መከላከያ ሰነዶች ጉድለት ነበር። ትእዛዙ በቀናት ውስጥ ተሽሮ በገንዘብ መቀጮ ተተካ። እኔ ግን ማስጠንቀቂያው ደርሷል ባይ ነኝ።

ሆኖም ሁሉን በኃያላን ማሳበብ ልክ አይደለም። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ የነዳጅ ከተማዋ ጃናኦዜን ነዋሪዎች በተሽከርካሪ ጋዝ ዋጋ መናር ተቆጥተው አደባባይ ወጡ። ተቃውሞው አገሩን አዳርሶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሩሲያ የሚመራው የጋራ ደኅንነት ስምምነት ድርጅት ጦርም በቶካዬቭ ጥሪ ገባ። ከነዳጁ ሀብት የሚገባውን ያላገኘ ሕዝብ ቁጣ ነው ለዚህ ጦር በሩን የከፈተው።