የድሮ የቫዮሊን ሸክላ ለምን ይወደዳል?

በ1950ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዙ የሸክላ ኩባንያ ኮሎምቢያ ሦስት ሸክላዎችን ለገበያ አቀረበ። ቁጥራቸው 33 ሲኤክስ 1286፣ 1287 እና 1288 ነው። የያዙት ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ያለ አጃቢ ለአንድ ቫዮሊን ብቻ የደረሳቸውን ስድስት ሥራዎች ነው፤ የምትጫወተው ዮሃና ማርትዚ ናት። ዛሬ እነዚህ ሦስት ሸክላዎች ሳይጎዱ አንድ ላይ ሲገኙ በሺዎች በሚቆጠር ፓውንድ ይሸጣሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያው ቀረጻ በሲዲም በኢንተርኔትም ይገኛል። ታዲያ ለሦስት ክብ ፕላስቲክ ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፈለው ለምንድን ነው? የመልሱ አንዱ ክፍል የገበያ ሕግ ነው፤ ጥቂት የታተመ ነገር ብዙ ፈላጊ ካገኘ ይወደዳል። ሌላው ክፍል ግን ከፊዚክስ የሚመጣ ነው። ቫዮሊን በሸክላ ላይ በትክክል ለመቅረጽም፣ ከሸክላ ላይ መልሶ ለማሰማትም እጅግ ከሚያስቸግሩ መሣሪያዎች አንዱ ነው። የተሳካለት ሸክላ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ማርትዚ በ1924 ተሜሽቫር ተወለደች፤ ከተማዋ ዛሬ ቲሚሾዋራ ተብላ በሮማኒያ ውስጥ ትገኛለች። ቡዳፔስት በሚገኘው የፍራንዝ ሊስት አካዳሚ ተማረች፤ በ1947 በጄኔቫው ዓለም አቀፍ ውድድር ተሸለመች። የባኽን ሥራዎች ያስቀረጸችው በ1954 እና በ1955 ነው። በ1979 ስዊዘርላንድ ውስጥ ስታርፍ ገና 54 ዓመቷ ነበር፤ ትታ ያለፈቻቸው ሸክላዎችም ጥቂት ናቸው። ከሞተች በኋላ ስሟ ከፍ ብሎ የተነሣው በተለይ በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ ሰብሳቢዎች ዘንድ ነው።

ደጋኑ፣ ክሩና ቦዩ

በሙጫ የታሸው የደጋኑ የፈረስ ጭራ የቫዮሊኑን ክር ይዞ ይጎትተዋል። ክሩ ሲወጠር ያመልጣል፤ ወዲያው ተመልሶ ይያዛል። ኤ በሚባለው ክር ላይ ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ 440 ጊዜ ይፈጸማል። ማሲንቆም የሚጮኸው በዚሁ መንገድ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የክሩን እንቅስቃሴ በማይክሮስኮፕ ሲከታተል ክሩ በዝግታ ወዲያና ወዲህ እንደማይወዛወዝ ተገነዘበ። ክሩ እንደ ታጠፈ ሆኖ፣ የመታጠፊያው ሹል ማዕዘን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል።

ከዚህ ሹል እንቅስቃሴ የሚወጣው ድምፅ ባለ ብዙ ድርብ ነው። 440 ሄርዝ ብቻ ሳይሆን 880፣ 1,320፣ 1,760 እያለ ከ10,000 ሄርዝ በላይ ድረስ ይዘልቃል። ቫዮሊንን ከሌላው መሣሪያ የሚለየው፣ አንዱን ቫዮሊን ተጫዋችም ከሌላው የሚለየው በአብዛኛው በእነዚህ ላይኛ ድምፆች ውስጥ ያለ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሸክላው እንምጣ። የአንድ ባለ 30 ሴንቲሜትር ሸክላ አንድ ገጽ ላይ ያለው ቦይ ቢዘረጋ ርዝመቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሸክላው በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ጊዜ ይዞራል፤ ፍጥነቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። ቦዩ ግን ወደ መሀል በገባ ቁጥር ዙሪያው ይጠባል። በውጭኛው ጠርዝ አካባቢ በአንድ ሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ያህል ቦይ በመርፌው ሥር ያልፋል፤ መሀል ላይ ሲደርስ 21 ሴንቲሜትር ብቻ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ባለ 10,000 ሄርዝ ድምፅ በጠርዙ 51 ማይክሮን ቦታ ሲኖረው መሀል ላይ በ21 ማይክሮን ተጨምቆ ይቀመጣል። በ1950ዎቹ የተለመደው ክብ የመርፌ ጫፍ ራዲየሱ 25 ማይክሮን ያህል ነበር። እንዲህ ያለ ጫፍ በዚያ ጠባብ መታጠፊያ ውስጥ በትክክል መግባት አይችልም፤ ድምፁ ይሻክራል፣ ይጮኻል።

የቫዮሊን ኮንሰርቶ ፈጣኑና ብርቱው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ነው። ይህም ማለት ሙዚቃው ከሸክላው ብዙ የሚጠይቀው ሸክላው ለመስጠት አቅም ባጣበት ቦታ ላይ ነው። ልምድ ያለው ሰብሳቢ አንድ ሸክላ ከመግዛቱ በፊት መጀመሪያውን ሳይሆን የመጨረሻዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ልስማ የሚለው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ከአሥር ገጽ ወደ ሁለት

ከባለ 33 ዙሩ በፊት የነበረው ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር፣ አንዱ ገጽ ከአምስት ደቂቃ የማያልፍ ነበር። የሚሠራው ላክ ከሚባለው ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት ነው፤ ዱቄቱም በመርፌው ሥር ዘወትር ይንሿሿል። ከ40 ደቂቃ በላይ የሚወስደውን የቤትሆቨንን የቫዮሊን ኮንሰርቶ ለመስማት ሸክላ አሥር ጊዜ ያህል መገልበጥና መቀየር ግድ ነበር።

በሰኔ 1948 የአሜሪካው ኮሎምቢያ በኒውዮርኩ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል አዲሱን ረጅም ሸክላ ለጋዜጠኞች አሳየ። በአንድ በኩል 2 ሜትር ተኩል ገደማ የሚደርስ የአሮጌ ሸክላ ክምር ቆመ፤ በሌላው በኩል ያንኑ ሙዚቃ የያዙ አዲሶቹ ሸክላዎች ከ40 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ቁመት ይዘው ተደረደሩ። ኤምኤል 4001 የሚለውን የመጀመሪያውን የትልቅ ሸክላ ቁጥር ያገኘው የሜንዴልሶን የቫዮሊን ኮንሰርቶ ነበር። የሚጫወተው ናታን ሚልስታይን፣ የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክን የሚመራው ብሩኖ ዋልተር ነው።

አዲሱ ሸክላ ሳይደርስላቸው ያለፉ አሉ። ፈረንሳዊቷ የቫዮሊን ተጫዋች ዢኔት ነቩ በ1935 በዋርሶው የቪኒያቭስኪ ውድድር በ15 ዓመቷ ዴቪድ ኦይስትራክን ቀድማ አንደኛ ወጣች። በጥቅምት 1949 የተሳፈረችበት አውሮፕላን በአዞረስ ደሴቶች ተከስክሶ በ30 ዓመቷ ሞተች። የሲቤሊየስንና የብራምስን ኮንሰርቶዎች በ1945 እና በ1946 ስታስቀርጽ የነበረው የ78 ሸክላ ብቻ ነው። በኋላ በረጅም ሸክላ የወጡት ከእነዚያ ቀረጻዎች የተገለበጡ ናቸው።

ባዶው ቀለበት የሚናገረው

ሸክላ የሚታተመው ከአንድ መነሻ በሚወጡ ተከታታይ የብረት ቅጂዎች ነው። በመጀመሪያ ላከር የተባለ ቅብ በተቀባ የአሉሚኒየም ሳህን ላይ ቦዩ ይቆረጣል። በላዩ ላይ ብር ተቀብቶ በኤሌክትሪክ ኃይል ኒኬል ይለበጣል፤ ሲላቀቅ ግልባጭ ቅርጽ ይገኛል። ከዚህ ግልባጭ «እናት» የሚባለው ብረት፣ ከእናት ደግሞ ማተሚያው ብረት ይወጣል። ማተሚያው ፕላስቲኩን በሙቀትና በኃይል ሲጫን ራሱም ይደክማል፤ ጥቂት መቶ፣ ቢበዛ አንድ ሺህ ያህል ሸክላ ካተመ በኋላ ይለወጣል። ማተሚያው ሲደክም በመጀመሪያ የሚጠፉትም እነዚያ ጥቃቅን ላይኛ ድምፆች ናቸው። «የመጀመሪያ እትም» ሲባል ዋጋው የሚጨምርበት ቴክኒካዊ ምክንያት ይህ ነው።

ይህን ታሪክ ከራሱ ከሸክላው ማንበብ ይቻላል። ሙዚቃው አልቆ እስከ መሀሉ ወረቀት ባለው ባዶ ቀለበት ላይ ጥቃቅን ፊደሎችና ቁጥሮች ተወግተው ይታያሉ። በለንደን አቅራቢያ በሄይስ ይታተሙ በነበሩት የኢኤምአይ ኩባንያ ሸክላዎች ላይ ከታች የቀረጻው ቁጥር ይገኛል፤ በሰረዝ ተለይቶ የሚከተለው ቁጥር ስንተኛው የላከር ቆረጣ እንደ ሆነ ይነግራል። በስተግራ ያለው የእናት ብረት ተራ ቁጥር ነው። በስተቀኝ ያለው ፊደል ደግሞ ስንተኛው ማተሚያ እንደ ሆነ ይገልጻል። ለዚህ የሚያገለግሉት ግራሞፎን ሊሚትድ ከሚለው ስም የተውጣጡ አሥር የእንግሊዝኛ ፊደሎች ናቸው። ጂ 1፣ አር 2፣ ኤ 3፣ ኤም 4 እያለ ይሄድና ዲ ዜሮ ይሆናል። ጂ ብቻ ከተጻፈ የመጀመሪያው ማተሚያ ነው፤ አርና ኤ ከተጻፉ ሃያ ሦስተኛው ነው። ሰብሳቢው ሸክላውን በመብራት ሥር አዘንብሎ የሚፈልገው ይህችን አንዲት ፊደል ነው።

የሶቪየቱ ቫዮሊን ተጫዋች ሊዮኒድ ኮጋን ከኦርኬስትራ መሪው ኮንስታንቲን ሲልቬስትሪ ጋር በ1959 ፓሪስ ያስቀረጸው የቤትሆቨን ኮንሰርቶ ኤስኤኤክስ 2386 በሚል ቁጥር በስቴሪዮ ወጣ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ቤት ያለው የሞኖ ማጫወቻ ስለ ነበር ከስቴሪዮው የታተመው ጥቂት ነው። ሰማያዊና ብርማ ወረቀት ያለው የመጀመሪያው እትም ዛሬ ከሞኖው ብዙ እጥፍ የሚወደደው ለዚህ ነው።

ገዢው ምን ይጠንቀቅ?

በሞኖ ሸክላ ላይ ሙዚቃው ያለው በቦዩ የጎን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። የስቴሪዮ መርፌ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ያለውንም ስለሚያነብ የአቧራውንና የመፋቁን ድምፅ አብሮ ያመጣል። እንደ ማርትዚ ያለውን ሸክላ በሞኖ ካርትሪጅ (የመርፌ ራስ) የሚሰማ ሰው ከዚያ ሹክሹክታ ብዙውን ይገላገላል። ሌላው ጉዳይ የድምፅ ማስተካከያው ነው። ሸክላ ሲቆረጥ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፤ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ማጫወቻው ይህን መልሶ ያቃናዋል። እስከ 1954 ድረስ ግን መጠኑ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያይ ነበር። የዚያ ዘመን ሸክላ በዛሬ ማጉያ ሲጫወት ቫዮሊኑ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ጥፋቱ የተጫዋቹ ላይሆን ይችላል።

ለንደን የሚገኘው ኤሌክትሪክ ሪከርዲንግ ካምፓኒ የቫልቭ ዘመን መሣሪያዎችን ጠግኖ፣ የማርትዚን ባኽ ጨምሮ እንዲህ ያሉ ሥራዎችን በጥቂት ቅጂ እንደገና አሳትሟል። ይህ የሚቻለው ዋናው ቴፕ ሲኖር ነው፤ ቴፑ ግን ሁልጊዜ አይገኝም። የቫዮሊን ተጫዋቹ የይሁዲ ሜኑሂን መምህር የነበረው ጆርጅ ኤኔስኩ ዕድሜው ወደ 70 ሲጠጋ የባኽን ስድስት ሥራዎች ያስቀረጸው ኮንቲኔንታል ለተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከወጡት ቅጂዎች መካከል በሰብሳቢዎች እጅ ከቆዩት ሸክላዎች በቀጥታ የተቀዱ አሉ።

ብዙ ገንዘብ የሌለው አፍቃሪም መንገድ አለው። እንደ ሃይፌትዝና ኦይስትራክ ያሉ ዝነኛ የቫዮሊን ተጫዋቾች ሸክላዎች በብዛትና በተደጋጋሚ ስለ ታተሙ የኋለኞቹ እትሞች ርካሽ ናቸው። በ1950ዎቹ ብዙ ማጫወቻዎች ከ5 ግራም በላይ ጭነው ቦዩን ይፍቁ ነበር፤ የዛሬዎቹ ሁለት ግራም ገደማ ይበቃቸዋል። በከባድ ክንድ የተፋቀ የመጀመሪያ እትም፣ ፊደሉ ጂ ቢሆንም እንኳ፣ በኮንሰርቶው መጨረሻ ይንኮሻኮሻል። በጥንቃቄ የተያዘ የ1970ዎቹ እትም በተጣራ ውሃ ታጥቦ ሲጫወት ከእሱ የተሻለ ቫዮሊን ያሰማል፤ ልዩነቱን ለማወቅም የሁለቱን የመጨረሻ ሦስት ደቂቃዎች አከታትሎ መስማት ይበቃል።