እንቅርት፣ ኦቲዝምና «ሰነፉ» ተማሪ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ስንል እንቅርት ለብዙዎቻችን የአንገት እብጠት ብቻ ነው። ዳሩ ግን ያበጠው እጢ፣ ታይሮይድ የሚባለው፣ የአንጎልን ዕድገት የሚመራ ሆርሞን ያመነጫል። ለዚህም አዮዲን ያስፈልገዋል።

ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ሆርሞን ከእናቱ ደም ይቀበላል እንጂ ራሱ አይሠራውም። የእናቲቱ እጅግ ካነሰ የልጁ አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ታዲያ ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት ይኖረው ይሆን? በኔዘርላንድ፣ በሮተርዳም ከተማ፣ ወደ 4000 የሚጠጉ ሕፃናትን የተከታተሉ አጥኚዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ሆርሞኑ በብዙ ያነሳቸው እናቶች ልጆች በ6 ዓመታቸው የኦቲዝም ምልክት የማሳየታቸው ዕድል ወደ 4 እጥፍ ከፍ ብሎ መገኘቱን ገልጸዋል። ይሁንና ይህ ተጓዳኝነት ነው እንጂ ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም። ከእነዚያ እናቶች የተወለዱት አብዛኞቹ ልጆችም ኦቲዝም የለባቸውም።

ለእኛ ለመምህራን የሚከብደው ሁለቱን መለየት ነው። ኦቲዝም ከሕፃንነት የሚጀምር ነው፤ በኪኒን የሚድን በሽታም አይደለም። ንቁ የነበረ ተማሪ በዓመቱ መካከል ቢፈዝ፣ ቢያንቀላፋ፣ ብርድ ብርድ ቢለው፣ ቁመቱም ባለበት ቢቆም ግን የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ እንዲህ ያለውን ልጅ «ሰነፍ» ብዬ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ፤ ነገሩ የታወቀው ዘግይቶ በደም ምርመራ ነው። የጎደለው ሆርሞን በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን ይተካል።

በኢትዮጵያ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2011 እ.ኤ.አ. ደንብ ወጥቷል። አዮዲን ግን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ይቀንሳል። ስለዚህ ጨውን በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡ ከምድጃ ሊወርድ ሲልም መጨመር ነው።