ኤራንጊስ፦ አፈር የማትፈልግ ትንሽ ኦርኪድ

ከካሜሩን እስከ ኢትዮጵያ፣ በደቡብም እስከ ታንዛኒያ ባሉት ደኖች፣ አብዛኛውን ጊዜ በወንዝ ዳር ዛፎች ቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ ኦርኪድ አለች። የሳይንስ ስሟ ኤራንጊስ ሉቴኦአልባ ነው፤ በአገራችን የምትገኘው ዓይነት ደግሞ ሮዶስቲክታ ትባላለች። ሳታብብ ያያት ሰው ልብ ሳይላት ያልፋል፤ ከስንዝር የማይበልጡ ጥቂት ጠባብ ቅጠሎችና በቅርንጫፉ ላይ የተለጠፉ ግራጫ ሥሮች ብቻ ናት። ስታብብ ግን ሌላ ናት። ነጫጭ አበቦቿ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ፤ በእያንዳንዱ አበባ መሐል ደማቅ ቀይ ነጥብ አለ።

ከአበባው ኋላ የአበባ ወለላ የሚጠራቀምበት ቀጭን ቱቦ ይንጠለጠላል። እንዲህ ያለ ነጭና ባለረጅም ቱቦ አበባ በአብዛኛው የሌሊት የእሳት እራትን የሚጠብቅ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1862 እ.ኤ.አ. የማዳጋስካር ዘመዷን አይቶ፣ ቱቦው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለነበረ፣ እዚያ ድረስ የሚደርስ ምላስ ያለው የእሳት እራት መኖር አለበት ብሎ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1903 እ.ኤ.አ.፣ እንዲህ ያለው የእሳት እራት ስም ወጥቶለት በሳይንስ ተመዘገበ።

ኤራንጊስን ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ሥሯን ማወቅ አለበት። ዛፍ ላይ ብትኖርም የዛፉን ምግብ አትወስድም፤ ቅርንጫፉ ማረፊያዋ ብቻ ነው። ሥሯ እንደ ስፖንጅ ውሃ በሚመጥ ሽፋን ተጠቅልሏል፤ ዝናብና ጤዛ ሲያገኝ በፍጥነት ይጠጣል፣ ከዚያም ነፋስ ያደርቀዋል። ሲደርቅ ግራጫ፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል፤ ስለዚህ መጠማቷን ከሥሩ ቀለም ማወቅ ይቻላል። አፈር ውስጥ ከቀበሯት ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ኦርኪድን ከጥም ይልቅ የሚገድለው ይህ ነው።

ስለዚህ ማሰሮውን ተዉት። ቅርፊቱ ያልተላጠ ቁራጭ እንጨት ወስዳችሁ፣ ከሥሩ ሥር ትንሽ የዛፍ ሽበት አድርጋችሁ፣ በለስላሳ ክር እሰሯትና አንጠልጥሏት። አዲሶቹ ሥሮች እንጨቱን ሲይዙ ክሩ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ቦታዋን አትቀያይሩባት፤ ሥሯ ሲነካ ትጎዳለች።

ውሃውን ጠዋት ጠዋት መርጨት ይሻላል፤ እስከ ማታ እንዲደርቅ። በቅጠሎቹ መሐል ውሃ ተኝቶ ካደረ እምብርቷ ይበሰብሳል። የዝናብ ውሃ ከሁሉም ይመረጣል፤ ጨው የበዛበት የቧንቧ ውሃ ሥሩ ላይ ነጭ ቅርፊት እየተወ ያዳክማታል። ክረምት ላይ ጥቂት ጀሪካን መሙላት ለብዙ ጊዜ ይበቃል። ማዳበሪያ ከሰጣችሁ፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን በውሃ በጥብጣችሁ፣ በምታድግበት ወቅት ብቻ ስጧት።

ብርሃኑ በቅጠል መሐል የተጣራ ዓይነት ይሁን፤ የቀትር ፀሐይ ቅጠሏን ያቃጥላል። በተፈጥሮ ከ1,250 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትኖር ቀን ሞቅ፣ ሌሊት ቀዝቀዝ ሲል ይስማማታል፤ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ባይወርድ ጥሩ ነው።  አዲስ አበባ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ፣ እንዲሁም የበጋው ደረቅ አየር ይፈትናታል፤ ሌሊት ቤት ውስጥ ትደር፣ አጠገቧም ውሃ የያዘ ሰፊ ዕቃ ይቀመጥ። አየሩ እርጥብ ይሁን እንጂ የታፈነ አይሁን።

ዘሯ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ስንቅ ስለሌለው በጫካ የሚበቅለው የሚመግበው ፈንገስ ሲያገኝ ብቻ ነው። ሉዊስ ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1922 እ.ኤ.አ. የኦርኪድ ዘርን ስኳር ባለበት ምግብ ላይ በጠርሙስ ውስጥ ያለ ፈንገስ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ በችግኝ ጣቢያዎች ከዘር የሚራቡት ኦርኪዶች በብዛት ከዚህ ዘዴ የመጡ ናቸው፤ መግዛት የሚሻለውም እንዲህ የተራባውን ነው።

ከጫካ የተነቀለች ኤራንጊስ ሥሯ ተቀዳዶ ስለምትመጣ ብዙ ጊዜ አትጸድቅም፤ የዱር ኦርኪድን ከአገር አገር ማዘዋወርም የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ደን ስትገቡ ካገኛችኋት ፎቶ አንሡና እዚያው ተዉአት፤ ለቤታችሁ የምትፈልጉትን ከችግኝ አባዢ ግዙ።