ረግረጉ ሲሸበር

ከአትላንቲክ ሲቲ በስተሰሜን፣ በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ባሕር ዳርቻ፣ የኤድዊን ፎርሳይት የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። ጎብኚዎች 8 ማይል በሚረዝመው ኮረኮንች መንገድ በመኪና ቀስ እያሉ ይዞሩታል። በአንድ ወገን የባሕር ውሃ ገብቶ የሚወጣበት ረግረግ፣ በሌላው የተገደበ ውሃ ተንጣሏል። የስደት ወቅት ሲደርስ ከጭቃው ትል የሚለቅሙ ወፎች በሺዎች ይሰፍሩበታል። እነሱን ተከትሎ ፔሪግሪን የተባለው ጭልፊት ይመጣል።

ልምድ ያላቸው ተመልካቾች መጀመሪያ ጭልፊቱን አይፈልጉም፤ መንጋውን ነው የሚያዩት። ተበታትነው ሲለቅሙ የነበሩት ወፎች ድንገት ብድግ ብለው፣ ተጠጋግተው፣ እንደ ጭስ እየተጥመለመሉ ከዞሩ ባይኖኩላሩ ወዲያው ወደ ሰማይ ይነሳል። ጭልፊቱ የሚቀናው ከመንጋው የተነጠለችውን ሲያገኝ ነውና መጠጋጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሚያስደነግጣቸው ሁሉ ግን ፔሪግሪን አይደለም። ሳሩን ታክኮ፣ ክንፉን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ እየተንገዋለለ የሚያድን ሌላ አሞራ አለ፤ በጭራው መነሻ ላይ ባለው ነጭ ምልክት ይለያል። የፔሪግሪን ክንፍ ጫፉ ሹል፣ አመታቱም ፈጣንና ጠንካራ ነው። ከዓይኑ ሥር ወደ ጉንጩ የሚወርድ ጥቁር ጢም መሰል ምልክት አለው። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች። ከከፍታ ሲወረወር ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ይህ ወፍ በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ አሜሪካ ጎጆ መሥራቱን አቁሞ ነበር። ጥፋቱ ዲዲቲ የተባለው የተባይ መርዝ ያመጣው ነበር። መርዙ ከነፍሳት ወደ ትናንሽ ወፎች፣ ከእነሱም ወደ ጭልፊቱ ሰውነት ይተላለፋል፤ የእንቁላሉ ቅርፊት ይሳሳል፣ እናቲቱ ስትታቀፈውም ይሰበራል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሪክ ራትክሊፍ የቅርፊቱን መሳሳት በ1967 ይፋ አደረገ፤ አሜሪካም ዲዲቲን በ1972 አገደች።

ቶም ኬድ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ጫጩቶችን በእጅ አሳድጎ መልቀቅ ጀመረ። በተፈጥሮ መኖሪያቸው በሆኑት ገደሎች ላይ ግን ትልልቅ ጉጉቶች ጫጩቶቹን ፈጇቸው። ስለዚህ ጉጉት እምብዛም በማይደርስበት የባሕር ዳር ረግረግ የእንጨት ማማዎች ተተከሉ። ጭልፊቶቹም ገደሉን ትተው ማማውን ለመዱት። በ1999 ፔሪግሪን ከአሜሪካ የአደጋ ተጋላጮች መዝገብ ተሰረዘ።

ለማየት የሚመቸው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ሰዓቱም የባሕሩ ውሃ ሲሞላ ይመረጣል፤ ውጪ ያለው ጭቃ ሲሸፈን ወፎቹ በመንገዱ ዳር ወዳለው የተገደበ ውሃ ይጎርፋሉ፣ ጭልፊቱም ወደዚያው ይመጣል።