ሣጥኑ ሳይጣል ካርዱ ይቀየራል

ፋብሪካው ሰበታ፣ መጋዘኑ ቡራዩ፣ ሒሳብ ክፍሉ መርካቶ የሆነ ድርጅት ብርቅ አይደለም፡፡ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ ጋር ከተያያዙ ቆይተዋል፡፡ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ለኮምፒዩተር ባለሙያ ግን ያው ሩቅ ናቸው፡፡ ሰርቨር ቀጥ ሲል አጥፍቶ ለማብራት ብቻ የዓለም ገናን ወይም የአዲሱ ገበያን መንገድ መያዝ ግማሽ ቀን ይበላል፡፡ ከቢሮ ሆኖ ሶኬቱን ማዘዝ የሚያስችለው ዕቃ ተፈላጊ የሚሆነውም ለዚሁ ነው፡፡

ባለሙያዎች ፒዲዩ ይሉታል፡፡ ራክ በሚባለው የሰርቨር ቁም ሳጥን ጀርባ ላይ በቁመት የሚታሰር ረዥም የሶኬት ሣጥን ነው፡፡ ርካሹ ቤታችን ካለው ዲቫይደር እምብዛም አይለይም፡፡ ውዱ ግን ወገቡ ላይ ትንሽ ስክሪንና የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ያለው ካርድ ይዟል፡፡ ካርዱ ስንት አምፔር እንደሚሄድና ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደተበላ ይለካል፤ ጭነቱ ከልክ ሲያልፍ መልእክት ይልካል፤ በአንዳንዱም ሞዴል እያንዳንዱን ሶኬት ከሩቅ ያጠፋል፣ ያበራል፡፡

ነጋዴው ገንዘቡን የሚያጣው ካርዱ ሲበላሽ ነው፡፡ ስክሪኑ ይጨልማል፤ በኔትወርክ ሲጠሩት አይመልስም፤ ሰርቨሮቹ ግን እንደበሩ ናቸው፡፡ ምክንያቱም ለሰርቨሮቹ የሚሄደው 220 ቮልት በሣጥኑ ብሬከርና ሽቦ እንጂ በካርዱ በኩል አያልፍም፡፡ ይህን የማያውቅ ባለቤት ‹‹ፒዲዩው ተቃጥሏል፣ ሙሉውን እንግዛ›› ሲባል ይፈርማል፡፡

ፊርማው ዛሬ ውድ ነው፡፡ የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆኗል፡፡ ለሒሳብ ያህል ካርዱ 300 ዶላር፣ ሙሉው ሣጥን 1,200 ዶላር ነው እንበል፡፡ በ130 ብር ሲመታ ካርዱ 39,000፣ ሣጥኑ 156,000 ብር ይመጣል፤ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታከል ማለት ነው፡፡ በዚያ ላይ ሣጥኑን ለመቀየር ከእሱ መብራት የሚወስደውን ሁሉ መንቀል ግድ ይላል፡፡

በእርግጥ ካርዱ የሚወልቀው በሁሉም ላይ አይደለም፡፡ ኢተን፣ ቨርቲቭና ራሪታን ካርዳቸው ተነጥሎ የሚቀየር ሞዴሎች አሏቸው፤ የኢተን ጂ3፣ የቨርቲቭ ጋይስትና የራሪታን ፒኤክስ3 ለዚህ ይጠቀሳሉ፡፡ በብዙ አሮጌ ሞዴሎች ግን ካርዱ ከሣጥኑ ጋር አንድ ሆኖ ታሽጓል፤ ያ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ብዙም አይረዳዎትም፡፡ ስለዚህ ከሣጥኑ ጎን የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር አንብቦ ለአቅራቢው መላክ ይቀድማል፡፡ መልኩ ተመሳሳይ ነው ተብሎ የሌላ ሞዴል ካርድ መግዛት ትርፉ መመለስ ነው፡፡

አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም፡፡ በክረምት መብረቅ በቅርብ ሲወርድ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በመዳብ ገመድ የተዘረጋ ኔትወርክ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞ ይገባል፤ ከሚመታቸውም አንዱ ይኸው የካርዱ መሰኪያ ነው፡፡ ከማምረቻ አዳራሹ ወደ አስተዳደር ሕንፃው ፋይበር ያልዘረጋ፣ መሬት የሚገባውን ሽቦ በወጉ ያላሠራ ፋብሪካ አዲሱንም ካርድ በሚቀጥለው ክረምት ሊቀብረው ይችላል፡፡

ካርዱ ሞቷል ከማለት በፊት ገመዱን በሌላ ገመድ፣ የስዊቹን ቀዳዳ በሌላ ቀዳዳ መለወጥ ያስፈልጋል፡፡ ሁለት ዕቃዎች አንድ የአይፒ አድራሻ ይዘው ሲጋጩም ካርዱ የሞተ ይመስላል፡፡ በብዙ ሞዴሎች ላይ በመርፌ የምትጫን ትንሽ የማስነሻ ቁልፍ አለች፤ ካርዱን ብቻ አጥፍታ ታስነሳለች፣ ሶኬቶቹን አትነካም፡፡ መመሪያውን አይቶ እሷን መሞከር ነፃ ነው፡፡ ካርዱ አንዳንዴ እንኳ የሚመልስ ከሆነ በዚያች ፋታ የተሞላበትን መረጃ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ኋላ ብዙ ሥራ ያድናል፡፡

አቀያየሩ አጭር ነው፡፡ መመሪያው ‹‹መብራት ሳይጠፋ ይቀየራል›› የሚል ከሆነ ባለሙያው የእጅ አምባር መሬት አስሮ፣ የኔትወርክ ገመዱን ነቅሎ፣ የካርዱን ብሎኖች ፈትቶ ቀጥ አድርጎ ይስባል፡፡ ከኋላው ጠፍጣፋ ገመድ ካለ ማቀፊያውን ይዞ መንቀል እንጂ ሽቦውን መጎተት አይገባም፡፡ አዲሱ በዚያው መንገድ ይገባል፤ እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ መታገስ ነው፡፡ ከካርዱ ክፍል አልፎ የሣጥኑን ክዳን መክፈት ግን ክልክል ነው፤ ውስጡ 220 ቮልት አለ፡፡ መመሪያው ‹‹አጥፉ›› ካለ ደግሞ ማጥፋት ነው፡፡ ሁለት የኃይል መሰኪያ ያላቸው ሰርቨሮች በሁለት ፒዲዩ ላይ ከተከፈሉ አንዱ ቢጠፋም ሥራው አይቆምም፡፡

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ አዲሱ ካርድ የራሱ የማክ አድራሻ ስላለው በአሮጌው አድራሻ የተያዘለት አይፒ አይመጣለትም፤ የኔትወርክ ኃላፊው መዝገቡን ማስተካከል አለበት፡፡ ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል በዚያው ሰዓት መቀየር አለበት፤ ሶኬት የሚያጠፋ ዕቃ ሁሉም በሚያውቀው ቃል አይተውም፡፡ የሶኬቶቹ ስም፣ የማስጠንቀቂያው ልክና ሰዓቱም እንደገና ይሞላሉ፡፡ ልኬቱን በክላምፕ ሜትር ከሚነበበው አምፔር ጋር ማስተያየት አይከፋም፡፡ የኪሎ ዋት ሰዓት ቆጣሪው ከዜሮ ሊጀምር ስለሚችል የመብራት ወጪን በክፍል የሚያከፋፍል ሒሳብ ሠራተኛ ቀኑን ይመዝግብ፡፡

የተነቀለው ካርድ የድርጅቱን አድራሻና የይለፍ ቃል ይዞ ሊቀር ይችላል፡፡ ዋስትና ካለው ለአቅራቢው ይመለስ፤ ከሌለው ተሰብሮ ይጣል እንጂ እንዳለ ምናለሽ ተራ አይሂድ፡፡