ሎሚና መጠጥ ጥሬ ዓሣን ያበስላሉን?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ አንድ አዲስ ምግብ ቤት ተከፈተ እንበል። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ አስተናጋጁ በረዶ የተጨመረበት ኮክቴል ያቀርባል፤ ቀጥሎም ሎሚ የተጨመቀበትና በአዋዜ የሚበላ ጥሬ የቆሮሶ ሥጋ ይመጣል። ከተመጋቢዎቹ አንዱ «ጥሬ ነው እኮ» ብሎ ቢያመነታ መልሱ የተዘጋጀ ነው፦ «ሎሚው አብስሎታል፤ የቀረውን መጠጡ ይገድለዋል።» በዚህ አባባል ውስጥ ጥቂት እውነት ስላለ እንዲሁ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

የዓሣ ጡንቻ በአብዛኛው የውኃና የፕሮቲን ውቅር ነው። ፕሮቲን ረጅም ሰንሰለት ሲሆን በተፈጥሮው እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ጥቅልሉን የሚይዙት ትስስሮች ግን ደካሞች ናቸው። ሙቀት ሲበረታ ትስስሮቹ ይበጠሳሉ፤ የተፈቱት ክሮችም እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ብርሃን የማያሳልፍ ጠጣር ይሆናሉ። የእንቁላል ውስጡ ፈሳሽ በመጥበሻ ላይ የሚነጣው በዚሁ ምክንያት ነው። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 አካባቢ በመሆኑ በውስጡ ያሉት የሃይድሮጅን አዮኖች የፕሮቲኑን ኤሌክትሪካዊ ሙል ይለውጣሉ፤ በዚህም ያለ እሳት ተመሳሳይ መፈታት ያስከትላሉ። «ሴቪቼ» የተባለው ስመ ጥር የፔሩ ምግብ የሚሰናዳው በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ ዓሣው በሎሚ ሲነጣና ሲጠነክር የምናየው ለውጥ እውነተኛ ለውጥ ነው።

ሆኖም የፕሮቲን መፈታት አንድ ነገር፣ በሥጋው ውስጥ ያለ ሕያው ነገር መሞት ሌላ ነገር ነው። ተመራማሪዎች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በጣና ዓሣዎች ላይ ካገኟቸው ጥገኛ ትሎች መካከል ኮንትራሲከም የተባለው ክብ ትል ይገኝበታል። እጩ በዓሣው ሰውነት ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀው እንደ ፔሊካን ያለ ዓሣ በል ወፍ እንዲውጠው ነው፤ አድጎ የሚራባው በወፉ ሆድ ውስጥ ነውና። የወፉ ጨጓራ ደግሞ ከሎሚ የማይተናነስ አሲድ ያመነጫል። ስለዚህ በሎሚ የምናስፈራራው ፍጥረት ከሎሚው ብርጭቆ በባሰ ስፍራ ለመኖር የተሰናዳ ነው ማለት ነው።

ማጋነን ግን አያስፈልግም። ኮንትራሲከም በሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ የታየው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። በቆሮሶ ውስጥም እጮቹ በብዛት የሚገኙት በልብ ዙሪያ ባለው ክፍት ቦታ በመሆኑ፣ የሆድ ዕቃው ወዲያውኑና በጥንቃቄ ሲወጣ አብዛኞቹ አብረው ይወገዳሉ። የባሕሩ ዘመዱ አኒሳኪስ ግን ጥሬ ዓሣ በሚዘወተርባቸው እንደ ጃፓን ባሉ አገሮች ከባድ የሆድ ቁርጠት በማስከተል የታወቀ ነው፤ በሆምጣጤ ተዘፍዝፎም ለቀናት በሕይወት ሊቆይ ይችላል።

ወደ መጠጡ እንለፍ። አልኮል ጀርም ይገድላል መባሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ተግባር በሕክምና የሚውለው አልኮል መጠኑ 70 በመቶ ገደማ ነው። በኮክቴሉ ውስጥ 40 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ መጠጥ አለ ብንል ንጹሑ ኤታኖል 16 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከጭማቂውና ከቀለጠው በረዶ ጋር ብርጭቆው 160 ሚሊ ሊትር ቢይዝ መጠኑ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። 400 ሚሊ ሊትር ምግብና ፈሳሽ ካለበት ጨጓራ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም ላይ ሰውነት ያለማቋረጥ ወደ ደም ይወስደዋል። ትሉን ለመግደል የሚበቃ መጠን ከመድረሱ በፊት ጠጪው ራሱ ይወድቃል። አረቄ በጥሬ ሥጋ ላይ የሚጠጣ ጥገኛ ትልን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን ያንን መራራ ኮሶ በየጊዜው ለመጠጣት ባልተገደዱ ነበር።

በረዶውም ቢሆን ከጥርጣሬ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ጥናት ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎችን በውኃ ውስጥ አቀዝቅዞ በልዩ ልዩ መጠጦች ውስጥ ሲያቀልጣቸው፣ ጠንካሮቹ መጠጦች ብዙዎቹን ቢገድሉም ፈጽሞ ያጸዳ መጠጥ አልተገኘም። ብርጭቆው ውስጥ የሚገባው በረዶ ከየትኛው ውኃ እንደተሠራ መጠየቅ እንግዲህ ቅንጦት አይደለም።

አስተማማኙ መንገድ ሙቀት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ይህም የዓሣው መሐል ሊደርስበት ከሚገባው 63 ዲግሪ እጅግ ይበልጣል። ጥሬውን ካልበላሁ ለሚል ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የሚመክረው ዓሣው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ለ7 ቀናት እንዲቀዘቅዝ ነው። ይህ ለጥገኛ ትል እንጂ ለባክቴሪያ አይሠራም፤ ባክቴሪያ ቅዝቃዜውን አልፎ ሲሞቅ እንደገና ይራባል። «ዛሬ ከሐይቁ የወጣ ትኩስ ዓሣ» የሚለው ማስታወቂያም ለሚጠበስ ዓሣ ምስጋና ሲሆን፣ በጥሬው ለሚበላ ግን ሰባቱ ቀናት አለማለፋቸውን ያበስራል።